ማባበያ ተጥሎለት ከሚመጣ ሻርክ ጋር ልትጠልቁ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደቡብ አፍሪካ ያሉ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ልጆች የሚልኩት ቪዲዮ ተቀይሯል። ድሮ ሱቅ፣ መኪና፣ ሠርግ ነበር። አሁን አንዱ የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ከፊቱ ሻርክ ሲያልፍ ያሳየናል። እዚህ ያለው ደግሞ "እኔም ስሄድ እገባለሁ" ይላል።

ግቡ፣ ማን ይከለክላችኋል። እኔም ገብቻለሁ፤ ደስታው የምር ነው። መጀመሪያ ውሃው ባዶ ነው፣ አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ። ከዚያ ከሥር ጥላ መሰል ነገር ይመጣል። ድምፅ የለውም፣ አይቸኩልም። ጥቁር ዓይኑ አጠገባችሁ ሲደርስ እየቀዘቀዛችሁ እንደነበር ጭራሽ ትረሱታላችሁ። ግን አብዛኛው ሰው ሻርኩን ይፈራና ማባበያውን፣ ማለትም ሻርኩን ለመጥራት ባሕር ውስጥ የሚጣለውን ዓሣ፣ ይረሳዋል። ስህተቱም በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው።

"በዓመት የሚሞተው እኮ ጥቂት ነው" ብሎ መዝናናት

ቁጥሩ እውነት ነው። በዓለም ላይ ሻርክ ሳይተነኮስ ሰው ነከሰ ተብሎ የሚመዘገበው በአማካይ በዓመት 60 ወይም 70 ገደማ ነው፤ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች። ችግሩ "ሳይተነኮስ" የምትለዋ ነገር ላይ ነው። ሻርክ ሲመግብ ወይም ሲነካ የተነከሰ ሰው "ተንኩሶ ነው" ተብሎ ሌላ መዝገብ ላይ ይገባል። ስለዚህ ያ ቁጥር ለዋናተኛውና በሰሌዳ ማዕበል ላይ ለሚንሸራተተው ነው፣ ማባበያ አጠገብ ለሚቆም ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሃማስ ውስጥ ያለ ብረት ሳጥን፣ በማባበያ በተጠሩ ሻርኮች መካከል ሲጠልቅ የነበረ ኦስትሪያዊ እግሩን ተነክሶ ሞቷል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አይደርስም። ግን ደርሷል።

ማባበያው የት እንዳለ አለማወቅ

ባሕር ዳር ዓሣ የሚታረድበት ዳርቻ ላይ ፔሊካኖቹን አይታችኋል አይደል? ሰውዬው የዓሣ አንጀት ሲወረውር እርስ በርስ እየተጋፉ ይመጣሉ፤ እጃችሁን መሃል ብትከቱ የእናንተ እጅ ይሁን አንጀት ለይቶ የሚያይ የለም። ሻርኩም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የጀልባው ሠራተኞች የተፈጨ ዓሣ ከደምና ከዘይት ጋር ቀላቅለው ባሕሩ ላይ ያፈሳሉ። ሽታው በውሃው ፍሰት እንደ መንገድ ይዘረጋል፣ ሻርኩ ያንን መንገድ ተከትሎ ይመጣል። ከዚያ በገመድ የታሰረ የቱና ጭንቅላት ይጣልና ሻርኩ ሲጠጋ ይጎተታል።

ከደቡብ አፍሪካዋ ደርባን በስተደቡብ ያለው አሊዋል ሾል የሚባል የመጥለቂያ ቦታ ላይ ደግሞ የብረት ሳጥን የለም። ሳርዲን የታጨቀበት የተበሳ ከበሮ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ጠላቂዎቹም ከእሱ ፈንጠር ብለው ይቆያሉ። እዚያ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ውሃው ወዴት ነው የሚፈሰው?" የሚለውን ነው። ሽታው በሚሄድበት በኩል ከቆማችሁ በሻርኩና በምግቡ መካከል ገባችሁ ማለት ነው። በጎን በኩል ቁሙ። ወደ ከበሮው አትጠጉ። ለፎቶም ቢሆን።

እጅ ማውጣት

ሳጥኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሠራት ስህተት ይቺ ናት። ካሜራውን በዱላ ይዞ ክንዱን በብረቱ መካከል ያወጣል። ወይም ሳጥኑ ሲወዛወዝ የውጭውን ብረት ጨብጦ ይይዛል። የውስጥ መያዣ አለው፣ እሱን ያዙ።

ሻርክ አፍንጫው አካባቢ ኤሌክትሪክ የሚያሸቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ብረት በጨዋማ ውሃ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው አንዳንዴ ሳጥኑን ራሱን የሚነክሰው። ነጭ ሻርክ ደግሞ ሊነክስ ሲል ለመከላከል ዓይኑን ወደ ኋላ ያገላብጣል፤ በዚያች ቅጽበት አያያችሁም። ወደ ኋላ መዋኘትም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሜክሲኮ ጓዳሉፔ ደሴት አጠገብ ማባበያውን ሲከተል የነበረ ሻርክ ብረቱን ሰብሮ ሳጥኑ ውስጥ የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሰውዬ በእግዜር ቸርነት ሳይነካ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሜክሲኮ በዚያ ደሴት የሻርክ ጉብኝትን ጭራሹን ዘጋችው።

የእጅ ነገር ከተነሣ፣ መዳፋችን ከእጃችን ጀርባ ይልቅ ፈዛዛ ነው፤ ደብዛዛ ውሃ ውስጥ ስታወዛውዙት ብልጭ ይላል። ሳጥን በሌለበት ጥቁር ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁንም ደረታችሁ ላይ ሰብስቡ። የሚያብለጨልጭ ጌጥ አውልቁ። ማተብ ፍቱ አልልም፣ ማንስ ይፈታል! ግን የብር መስቀሉን ከመጥለቂያው ልብስ ሥር ክተቱት።

ሻርኩን የሚያበላ ጀልባ መምረጥ

"እኛ ጋ ከእጃችን ነው የሚበላው" ብሎ የሚፎክር ካለ ሌላ ፈልጉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ጀልባዎች ሻርኩን መጥራት እንጂ ማብላት የለባቸውም፤ ገመዱን ቶሎ የሚጎትቱት ለዚያ ነው። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2001 በግዛቷ ውሃ ጠላቂዎች ሻርክ እንዳይመግቡ ከልክላለች። ማባበያው ሻርኩን ሰው ያለምደዋል አያለምደውም የሚለው ገና ያከራክራል። እኔ ግን ገመድ ጎታቹ ሰውዬ ስልኩን እያየ ከሆነ አልገባም።

ነጩን ሻርክ ካላየሁ ገንዘቤ ይመለስ ማለት

ከኬፕ ታውን የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለችው ጋንስባይ በዓለም የታወቀችው በነጭ ሻርክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ጉበታቸው የተበላ ነጭ ሻርኮች ሞተው ዳር ይወጡ ጀመር። በዪዎቹ ኦርካ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ ግዙፍ የባሕር አጥቢ እንስሳት ናቸው። የቀሩት ሻርኮች ቦታውን ለቀው ሸሹ። አሁን እዚያ በብዛት የሚመጣው ብሮንዝ ዌለር የሚባለው ሌላ የሻርክ ዓይነት ነው፣ እሱም ቢሆን ከሰው ይረዝማል። ሳትጠይቁ ከፍላችሁ ጀልባ ላይ አትነታረኩ።

"ጣና ላይ ነው ያደግኩት"

ይቺን የማይላት የባሕር ዳር ልጅ የለም። ጣና ጨው የለውም፣ ጥልቀቱም 14 ሜትር ገደማ ነው። ሳጥን ውስጥ ለመግባት እንኳ ዋና ብዙም አይጠየቅም፤ ጀልባው ላይ የታሰረ ነው፣ "ታች!" ሲሏችሁ ትንፋሽ ይዛችሁ ዝቅ ማለት ነው። አሊዋል ሾል ላይ ግን የመጥለቅ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከወረቀቱም በላይ ውሃ መሃል ሳትወጡ ሳትወርዱ ረግታችሁ መቆም መቻል አለባችሁ። የሚንፈራገጥ ሰው ሻርኩን ይስባል።

በባዶ ሆድ መውጣት

ይሄ በተለይ ለእኛ ነው። ጋንስባይ ላይ ውሃው ጠራ የሚለው በእነሱ ክረምት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ። ፍልሰታ እዚያ ላይ ይወድቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ጀልባው መልሕቅ ጥሎ ቆሞ ይዋልላል (ቆሞ ሲዋልል ከሚሄድበት ይብሳል)፣ ከጎን የዓሣ ዘይት ይሸታል። ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ጾሙን ግደፉ እያልኩ አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የጾም ምግብ ይበላል አይደል፣ እነዚያን ቀናት ምረጡ። ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ሻይ ይበቃል። የማቅለሽለሽ ኪኒን ከመነሣታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ዋጡ። የሀገር ልጅ ተገኘ ተብሎ ማታውን ሲጠጣ ማደርም ይቅር።

ውሃው ደግሞ አንዳንዴ ከ15 ዲግሪ በታች ነው። ጋቢ ያዙ፣ ሲወጡ ማንም አይስቅባችሁም።

ጠልቆ በማግስቱ ወደ ጎጃም መብረር

ሳጥን ውስጥ ላይኛው ውሃ ላይ ትንፋሽ ይዞ ለሚያይ ይሄ አያሳስበውም። በአየር ሲሊንደር ለጠለቀ ግን ዋናው ነገር ነው። ታች ስትሆኑ በግፊቱ ናይትሮጅን ደም ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ሲከፋ ሽባ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ከመብረር በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ። ሙሉ ቀን ብታደርጉት ይሻላል።

ሌላ ሀገር ያለ ሰው ሲያርፍ ከፍታው ያበቃለታል። የእኛ አያበቃም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ብዙም አትርቅም፣ ደብረ ማርቆስም እዚያው አካባቢ ናት፣ ባሕር ዳር እንኳ 1,800 ሜትር ናት። ስለዚህ ቤት ከገባችሁ በኋላ ትከሻችሁን ወይም ጉልበታችሁን ካመማችሁ፣ ከደነዘዛችሁ፣ "የመንገድ ድካም ነው" ብላችሁ አትተኙ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱና መቼ፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ጊዜ እንደጠለቃችሁ ራሳችሁ ንገሩ፤ ጎጃም ውስጥ ያለ ሐኪም ጉልበቱን ያመመውን ሰው "ባሕር ገብተህ ነበር?" ብሎ አይጠይቅም።