ለጉልበት ቅየራ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ከያዛችሁ እስከዛው ምን ትሰራላችሁ

ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ብዙ ጊዜ "በቃ እስኪቀየር ላሳርፈው" ብሎ አልጋ ላይ ይውላል፣ ልጆቹም "እማዬ አትነሺ እኛ እናመጣልሻለን" ይላሉ፣ ለፍቅር ነው ግን እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው፣ ምክንያቱም ጉልበትን ደግፎ የሚያቆመው የጭን የፊት ጡንቻ ካልሰራ ቶሎ ይከሳል፣ ዶክተሩ ደግሞ የሚቀይረው መገጣጠሚያውን ነው፣ ጡንቻ አይቀይርም። ስለዚ ከተቻለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ጋ ሂዱ፣ የልብ ምናምን ችግር ካለ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስፖርቱ ከባድ አይደለም። በጀርባ ተኝታችሁ እግሩን ዘርጉና የጉልበቱን ጀርባ ወደ ፍራሹ ተጫኑ፣ ጭኑ ጥጥር ሲል 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይ 3 ዙር። እሱ ሲቀል ጤነኛውን እግር አጥፋችሁ የሚያመውን ቀጥ እንዳለ አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ። ተረከዝን ፍራሹ ላይ እየጎተቱ ወደ መቀመጫ ማስጠጋትም አለ፣ ለመታጠፉ ነው። ከወንበር መነሳትና መቀመጥም ጥሩ ነው፣ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይሁን እንጂ ዱካ ላይ እንዳትሞክሩት።

ሲሰሩ ትንሽ ማመሙ ያለ ነው፣ በማግስቱ አብጦ ካደረ ግን ቁጥሩን ቀንሱና በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያዙበት። ስፖርቱ የተበላውን አጥንት ይመልሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፣ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ከኦፕሬሽኑ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ትራስ ነገር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ከጉልበት ስር ሲደረግ ይመቻል አውቃለሁ፣ ግን ሁሌ እንደዛ ከተተኛ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀርና መዘርጋት እምቢ ይላል። ከዘራ የሚያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው (አብዛኛው ሰው በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው!)። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የሚያመው።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ ብዙ ሆስፒታል ኦፕሬሽኑ በተሰራበት ቀን ወይ በማግስቱ "ተነሺ ተራመጂ" ይላሉ፣ ይሄን ያልጠበቀ ሰው ይደነግጣል፣ ስለዚ በዎከሩ (ባለ አራት እግሩ መደገፊያ) ወይ በክራንቹ መሄድ አሁኑኑ ቤት ውስጥ ተለማመዱ፣ ያኔ እጃችሁ የሚያውቀው ነገር ይሆናል። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ነው ወይስ ሙሉ፣ ማታ ሲያመኝ ምን ይሰጠኛል፣ እነዚህን ጽፋችሁ ሂዱና ጠይቁ። የስግደትንም ነገር እንዳትረሱ፣ ብዙ ሰው ከተቀየረለት በኋላ መንበርከክ አይመቸውም፣ ቀድሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ይሻላል።

ቤት ውስጥ የሚያዳልጠውን ምንጣፍ አንሱ፣ ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ መቀመጫ ከኦፕሬሽኑ በፊት ይዘጋጅ፣ ከሆስፒታል የተመለሱ ቀን ማታ መፈለግ አይሆንም።