ቀይ ሥር የአይረን ክኒን አይተካም

ባሕር ዳር ተቀምጦ አትክልት ጠፋ የሚል ሰው ብዙም አይገጥመኝም። ከቆጋ መስኖ ድንችና ጥቅል ጎመን፣ ከፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም ይገባል። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ዘንቢሉን ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ስህተቱ የሚጀምረው ዘንቢሉ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ የምግብ ምክር ስሰጥ እየተመላለሱ የሚያደክሙኝን ልንገራችሁ።

ደም ማነስን በቀይ ሥር ማከም

ይሄኛው ያናድደኛል። ነፍሰ ጡሯ ትመጣለች፣ ደሟ ሲለካ ዝቅ ብሏል፣ የአይረን፣ ማለትም ደም የሚሠራበት የብረት ማዕድን፣ ክኒን ይሰጣታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጣ ክኒኑ እንዳለ ነው። «ሲስተር፣ ሆዴን አደረቀኝና ተውኩት። ግን ቀይ ሥር በየቀኑ እየበላሁ ነው» ትለኛለች። ደሟን ስንለካው ከበፊቱም ወርዷል።

ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ቀይ የሆነ ነገር ሁሉ ደም ይሆናል ተብሎ ታምኗል። የቀይ ሥር ቅላት የራሱ ማቅለሚያ ነው፤ ከደም ጋር ምንም ዝምድና የለውም። 100 ግራም ቀይ ሥር ውስጥ ያለው አይረን 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊ ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። በቀይ ሥር ብቻ ልሙላው ብትል በየቀኑ ከ3 ኪሎ በላይ መብላት አለባት። ያም ቢሆን ከአትክልት የሚገኘውን አይረን ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው።

ቀይ ሥርን ጠልቼው አይደለም። ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው፣ ደም ግፊትንም በመጠኑ ይቀንሳል። ሽንትን ስለሚያቀላ ደም ሸናሁ ብሎ ደንግጦ የሚመጣም አለ፤ ጉዳት የለውም። ብቻ በክኒኑ ቦታ አታስገቡት። ሆድ ካደረቀ ለባለሙያው ንገሩ፣ መላ አለው። በምግብ ለማገዝ ደግሞ ምስርና ሽምብራ፣ ሲገኝም ሥጋና ዓሣ ይሻላል።

እጅ ሳይታጠቡ ቡና ማቅረብ

ሽሮውና ጎመኑ ተበልቶ ሳያበቃ ረከቦቱ ይቀርባል። ቡናም ሻይም ውስጥ ያለው ፖሊፌኖል የሚባል ነገር አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ የበላነው ሳይጠቅመን ያልፋል። የዘጌን ቡና ተዉ የሚል አንደበት የለኝም። አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ ነው የምለው። በቡናው ፈንታ ከምግቡ ጋር ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ይኑር። ቫይታሚን ሲ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ጥሬ ቃሪያ ደግሞ፣ በክብደት ካስተያየነው፣ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል። ስንግ የሚወድ ሰው ሳያውቀው ራሱን እየጠቀመ ነው።

ጎመኑን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት

ስንት ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ጎመኑ መጀመሪያ ይከተፋል፣ ከዚያ ይታጠባል፣ በድስት ሙሉ ውሃ ይንተከተካል፣ አረንጓዴው ውሃ ይደፋል። ቫይታሚን ሲውና ፎሌቱ ውሃ ውስጥ ሟሚ ስለሆኑ ብዙው አብሮ ሄደ ማለት ነው። ቅጠሉን ሳትከትፉ እጠቡት። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉና የተከተፈውን ጎመን ጨምራችሁ ክደኑት። በራሱ እርጥበት ይበስላል፤ ካነሰው ጠብታ ውሃ ነው። ዘይቱም ሥራ አለው፤ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ካሮትም ዱባም እንደዚሁ።

ቆስጣ ግን ሌላ ነው። ከጎመን ጋር አንድ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። የጎመን ካልሲየም በደንብ ይገባል፤ የቆስጣውን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ይይዝበታል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቆስጣ ካማረው ቀቅሎ ውሃውን ይድፋው። ለእሱ መድፋቱ ልክ ነው።

ነፍሰ ጡርን ጎመን መከልከል

«ሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል» ይባላል። አንዲት አማት ምራታቸውን ይዘው መጥተው ይሄንኑ አጥብቀው ነገሩኝ። «እማማ፣ እርስዎ ጎመን ሳይበሉ ሲወልዱ ልጆችዎ ላይ ነጭ ነገር አልነበረም?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ነበረ እንጂ» ብለው ሳቁ። ያ ነጭ ነገር የሕፃኑን ቆዳ የሚጠብቅ ቅባት ነው፤ ከጎመን ጋር አይገናኝም። ጎመን የሚገባው ጨጓራ ነው፣ ሕፃኑ ያለው ማህፀን ውስጥ። ፎሌት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ፎሌት ያለውን ቅጠል እንነጥቃታለን። ጎመኑም ታዲያ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ክኒን አያስቀርም።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው፦ ድንች ከእንጀራ ጋር ሲበላ ስኳር ላለበት ሰው ስታርች (ሆድ ውስጥ ስኳር የሚሆን ነገር) በስታርች ላይ ነው። አረንጓዴ የሆነና የመረረ ድንች ይጣል። የቀይ ሥርና የካሮት ጁስ ላይ ስኳር መጨመር ምን ይሉታል?

ዋርፋሪን የሚባለውን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት ለሚወስዱ ግን በዝግታ ልናገር። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን አትብሉ አላልኩም፤ መጠኑ አይዋዥቅ ነው። እኛ ጋ የሚያዋዥቀው ጾሙ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጎመን በየቀኑ፣ ፋሲካ ሲመጣ ድራሹ ይጠፋል። ጾም ሊገባና ሊፈታ ሲል ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ የደም ምርመራውንም አትዝለሉ።

አትክልት በጣና ወይም በዓባይ ውሃ አትጠቡ። ካሮቱ የጸዳ ይመስላል እንጂ ጥገኛ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። አጣቢው ደግሞ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲቆይ ብልሃርዚያ በቆዳው ይገባል። ኮምጣጤ የወስፋት እንቁላል አይገድልም። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ለይታችሁ በንጹህ ወራጅ ውሃ እጠቡ። ውሃውን ካላመናችሁት ሰላጣው ይቅርና የሚበስል ብሉ።