የአሳሌ ጨው ፎቶ ላይ ግራጫ እየሆነ ሲያስቸግር፦ መፍትሔው

በዳናክል፣ አሳሌ ሐይቅ ዳር ያለው የጨው ሜዳ ለዓይን ነጭ ነው፤ ፎቶው ላይ ግን አመድማ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ የሌንሱ አይደለም። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ ሲሞላበት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል።

ችግሩ የሚፈታው የፎቶውን ብርሃን በሚጨምረውና በሚቀንሰው፣ የ«+/−» ምልክት ባለው ቁልፍ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ/11 አድርጋችሁ ከ+1 ጀምሩ፤ ጨው ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ ከያዘው እስከ +1.7 ሂዱ። ስክሪኑን አትመኑ፤ በዚያ ፀሐይ ሥር ሁሉም ፎቶ የጨለመ ይመስላል። ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ (ግራ) እስከ ነጭ (ቀኝ) የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቱ፦ ክምሩ ወደ ቀኝ ይጠጋ፣ የቀኙን ጠርዝ ግን አይንካ። ከነካ በ0.3 ቀንሱ። የተቃጠለ ነጭ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም፤ የዚህ ሜዳ ውበት ደግሞ ያለው በጨው ቅርፊቱ ስንጥቆች ስስ ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጄፔግ ብቻ ሳይሆን በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ፤ የነጭ ሚዛኑንም (የቀለም ማስተካከያውን) በ«ፀሐይ» ላይ አጽኑት፣ አውቶ ከተተወ ቀለሙ ከፎቶ ፎቶ ይለዋወጣል።

አሞሌ የጫኑ ግመሎችን ከሩቅ በረጅም ሌንስ ስታነሱ ምስሉ ከፈዘዘ ፎከሱን አትውቀሱ። የጋለው አየር ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ውድ ሌንስም አያስተካክለውም። ያለው መላ ማለዳ፣ መሬቱ ሳይግል ማንሳት ወይም መቅረብ ነው።

የትራይፖዱን እግሮች በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ጨው መጋጠሚያው ውስጥ ከደረቀ ብረቱን ይበላዋል።