ቢራው የጾም ነው? መጠጥና መንፈሳዊ ሕይወት ላይ ድሬ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ታኅሣሥ 18 ማታ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብያለሁ። ነገ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ከየአገሩ የመጣው ሰው ከተማዋን ሞልቷታል፣ አልጋ በእጥፍ ዋጋም አይገኝም። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነጠላ ያጣፉ አራት ሰዎች ሽሮና ቢራ አዘዋል። አንደኛው ስለ ሽሮው አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ ጠየቃት። «ቅቤ የለውም አይደል? እርግጠኛ ነሽ?» ስለ ቢራው ምንም አልጠየቀም። ሦስተኛውን ጠርሙስ ሲያስከፍት «ገብስ ነው እኮ፣ የጾም ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ይህንን ቀልድ ለዓመታት ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቄስ አይደለሁም፣ ሼህም አይደለሁም። ጠጥቼ የማውቅ የድሬ ልጅ ነኝ። መጠጥና መንፈሳዊ ሕይወት አብረው ይሄዳሉ ወይ ሲባል ሃይማኖቶቻችን መልሱን ከነገሩን ቆይተዋል። ጉዳዩ የሚበላሸው ያንን መልስ ይዘን ቤት ስንገባ ነው። ራሴ ካደረግኋቸውና ሰፈር ውስጥ ካየኋቸው ስህተቶች ጥቂቶቹን ልንገራችሁ።

ቢራን «የጾም» ማለት

ቀልዱ የሚሠራው ጾም የምግብ ዝርዝር ብቻ ከሆነ ነው። ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ አለቀ። ስለ ጾም ሲሰበክ ዘወትር የሚጠቀሰው ዳንኤል ግን ሦስት ሳምንት ሲጾም ሥጋውንም ጠጁንም ነው የተወው። ምዕራፍ 10 ላይ ሁለቱ አብረው ተጽፈዋል። የለያየናቸው እኛ ነን።

ቁልቢ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የታኅሣሥ 19ኙ ንግሥ የሚውለው ከኅዳር 15 በሚጀምረው የነቢያት ጾም ውስጥ ነው። የሐምሌ 19ኙ ግን የሐዋርያት ጾም ካለቀ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ካልዋለ የፍስክ ቀን ነው። ሁለቱን በዓል በአንድ ዓይነት ሆታ የምናከብር ሰዎች ይህንን ብናስተውል አይጎዳንም። ስለቱን ይዞ የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው አለ። በዚያው ዳገት መኪናው ኋላ ቢራ ጭኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ መዝሙር ለቆ የሚያልፈውም አለ። እኔ በሁለቱም መንገድ ወጥቻለሁ። የትኛውን ጉዞ አሁን እንደማስታውሰው መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁለተኛውን አላስታውሰውም።

ጥቅሱን ከወገቡ መቁረጥ

«ጳውሎስ ራሱ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሏል» የሚለው ሰው የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ነው የያዘው። ጳውሎስ የጻፈው ለጢሞቴዎስ ነው። ጢሞቴዎስ ውሃ ብቻ የሚጠጣ፣ ሆዱን የሚያመው፣ ቶሎ ቶሎ የሚታመም ሰው ነበር። ምክሩ ጥቂት የሚለው ቃል አለበት፣ ምክንያቱም በሽታ ነው። ጨጓራ ይዞን ዛሬ ሐኪም ቤት ብንሄድ መጀመሪያ የምንባለው መጠጥ ተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። በዚያው በጳውሎስ እጅ ለኤፌሶን ሰዎች የተጻፈው «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ደግሞ በመጠጥ ቤት ክርክር ላይ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ቃና ዘገሊላም እንዲሁ ነው። ጥር 12 በመጣ ቁጥር «ጌታም በሠርግ ላይ...» የሚል ይነሣል። እሺ። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን የምታዘጋጀውን እንይ። ዘቢብ ነው፤ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ። ወይኑን ለመንፈሳዊ ነገር የሚያነሣ ሰው ከዚያ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ሙስሊም ጓደኞቼም ጋ ተመሳሳይ መቀስ አይቻለሁ። አንዱ «ሰክራችሁ ሶላትን አትቅረቡ ነው የሚለው፣ ከመጨረሻው፣ ከኢሻ ሶላት በኋላ ማን ከለከለኝ?» ይለኝ ነበር። ለጎረቤታችን ለአዴ ብነግራቸው ተቆጡ። እሳቸው ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ቁርኣን ስለ መጠጥ በደረጃ ነው የተናገረው። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል አለ፤ ይህ በቀራ በሚባለው ምዕራፍ ላይ ነው። ቀጥሎ ሰክራችሁ ሶላትን አትቅረቡ ሲል ኒሳእ ላይ መጣ። በመጨረሻ ማኢዳ ላይ ጭራሽ ራቁ አለ። «መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ደረስኩ ይላል እንዴ!» አሉ አዴ። እኔ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነው የተቆጡት፤ ግን እኔም አፍሬ ወጣሁ።

የጎረቤትን መልስ መዋስ

ይህ የእኛ ከተማ ልዩ ስህተት ይመስለኛል። አንድ ግቢ ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው አብረን እንኖራለን። ስለዚህ የሚመቸንን መልስ ከማን እንደምንዋስ እናውቃለን። ሙስሊሙ ልጅ «እናንተ ጋ እኮ ክልክል አይደለም» እያለ ከእኔ ይዋሳል። እኔ ደግሞ «ቢያንስ እንደ እናንተ ጫት አልቅምም» እላለሁ፤ ጉንጬ ተወጥሮ። በእስልምና ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ክልክል ነው፤ ድርድር የለውም። አብዛኞቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ጭራሽ አትጠጡ ነው የሚሉት። ኦርቶዶክሱ ስካርን ይከለክላል፣ ለጾምና ለቁርባን ሥርዓት አለው፣ ቀሪውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር ይላል። ሁሉም ሰው በራሱ ቤት ሕግ ቢዳኝ ጭቅጭቁ ግማሹ ይቀራል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። «አንድ ብቻ፣ በሞቴ!» እያሉ ሰው አፍ ላይ ብርጭቆ መደቀን። ሠርጋችን ላይ ለሙስሊም እንግዳ ሥጋው ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱ ለብቻ ይጣዳል። ይህንን የሚያህል ጥንቃቄ አድርገን ስናበቃ፣ መጠጥ የተወውን የገዛ ወንድማችንን ግን አንምርም። ለማይጠጣ ሰው አሪፍ አማራጭ አለ፤ እንደ ሐረር ሶፊ ያለ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ወይም ብርዝ። ብቻ ብርዙን ሦስት ቀን አስቀምጣችሁ «ማር ነው» እንዳትሉት። ሲቆይ ጠጅ መሆን ይጀምራል። ጠላም ቢሆን የማኅበር ስለሆነ አልኮሉ አይቀርም።

ጨብሲን አለመቁጠር

ዋናው ይሄ ነው። ሌላ ከተማ ያለ አንባቢ ላይገባው ስለሚችል ከነአካሄዱ ልንገረው።

ከሰዓት 8 ሰዓት አካባቢ ነው። ሙቀቱ ሰው አያስወጣም። የአወዳይ ጫት ገብቷል። ፍራሽ ተነጥፏል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ኦቾሎኒና ቀዝቃዛ ውሃ ቀርቧል። በርጫው፣ ማለትም የመቃሚያ ቁጭታው፣ ሲጀመር ትልቅ ሰው ካለ ዱዓ ያደርጋል። ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን አሚን እንላለን፤ ማተብ ያሰርነውም ጭምር። 10 ሰዓት ሲል ወሬው ይቀንሳል። ምርቃና፣ የጫቱ ስሜት፣ ገብቷል። በዚያች ሰዓት ሁሉም ሰው ደግ ነው። የተጣላውን ሊታረቅ ይወስናል፣ አሥራት ያሰላል፣ ነገ ሌሊት ተነሥቶ ኪዳን ሊያደርስ ለራሱ ቃል ይገባል። በምርቃና ያልሠራሁት ቤተ ክርስቲያን የለም አቦ!

12 ሰዓት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አፍ ይደርቃል፣ መዳፍ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ ዓይን እንቅልፍ አይሸተውም። ያኔ አንዱ ይነሣና «በሉ እንጨብስ» ይላል። ምርቃናውን በቢራ መስበር ማለት ነው። ያ የታረቀ፣ ያ አሥራት ያሰላ ሰው ሁሉ ተያይዞ ወደ ግሮሰሪ ይሄዳል።

ችግሩ ከሁለት በኩል ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃቃል፣ አልኮል ያደነዝዛል። አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍነው ሰው መስከሩ አይታወቀውም። አራት ጠርሙስ ሁለት የጠጣ ያህል ይሰማዋል፣ ስለዚህ ስድስት ይሆናል። ልብ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ሌላው ሰዓቱ ነው። ከ12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሲጨብስ ያደረ ሰው 11 ሰዓት ላይ ደወልም አዛንም አይቀሰቅሰውም። ብዙዎቻችን ሲጠይቁን «እኔ ጠጪ አይደለሁም፣ ለጨብሲ ብቻ ነው» የምንለው ደግሞ ይህንን ነው። ለጨብሲ ብቻ ማለት በየቀኑ ማለት ነው እኮ።

ለንስሐ አባቴ ይህንን ስነግራቸው ስንት ጠርሙስ እንደምጠጣ ይጠይቁኛል ብዬ ቁጥር አዘጋጅቼ ነበር፤ ቀንሼ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ በስንት ሰዓት ነው የምትጸልየው?» አሉኝ። አሰብኩ። «አባ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ስመረቅን» አልኳቸው። ሳቁ። ቀጥለው «እሺ፣ በራስህ ሰዓትስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ቢራ አንድ ቃል ሳይናገሩ ነው የሸኙኝ።

ለእኔ የሠራው ዘዴ ቀላል ነው። በርጫ ላይ ከተቀመጥኩ የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ እነሣለሁ። ትኩስ ነገር እበላለሁ፣ የደቻቱን ወንዝ ተከትዬ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ኪሴ ውስጥ የባጃጅ ብቻ እይዛለሁ። ያም ያልሠራባቸው ሳምንታት ነበሩ። ያኔ የገባኝ ቢራውን ለመተው ጫቱንም መቁጠር እንዳለብኝ ነው።

«ጠጥቻለሁ፣ አልገባም»

አብሮ አደጌ አንድ ሙስሊም ልጅ አለ። ሲጠጣ የጠጣ ሰው ሶላቱ 40 ቀን ተቀባይነት የለውም የሚለውን ሰምቶ መስገድ ተወ። 40ው ሲሞላ እጀምራለሁ አለ። በ30ኛው ቀን ሠርግ መጣ፣ ጠጣ። እንደገና ከዜሮ። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ሰፈራችን ያሉ ሼህ አስቀመጡት። «ምንዳውን ታጣለህ ነው የተባለው፣ ግዴታው ይነሣልሃል ማን አለህ? ባለመስገድህ በአንዱ ወንጀል ላይ ሌላ ጨመርክ። ተውበት አድርግና ዛሬ ስገድ» አሉት።

እኛም ጋ አለ። ትናንት ጠጥቻለሁ ብሎ ከቅጽሩ ውጭ አስፋልት ላይ ቆሞ የሚሳለም ሰው በየሰንበቱ አያለሁ። አሁን ሰክሮ መግባትና ትናንት ጠጥቶ ዛሬ በንስሐ መምጣት ይለያያሉ። ሰክረህ አትቅረብ የሚለው በኦሪት ዘሌዋውያን ለካህናቱም ተነግሯል፣ በቁርኣንም አለ። ነቅተህ አትምጣ የሚል ግን የትም የለም። ስለት ላይም ይኸው ይደርሳል። «በገብርኤል እምላለሁ፣ ዓመት አልቀምስም» ብሎ በስሜት ይምላል፣ በሁለተኛው ወር ይሰብረዋል፣ ከዚያ ከገብርኤል ይሸሻል። ከመማል በፊት የነፍስ አባትን ማማከር ለዚህ ነው።

ብዙ የጠጣን ሰው በአንድ ቀን ማስቆም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አንድ የማውቃቸው ጋሼ ለረጅም ዓመታት ጠዋት ካቲካላ ሳይቀምሱ እጃቸው ሲኒ አይጨብጥም ነበር። ቤተሰብ ለመልካም ብሎ ጸበል ወሰዳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠብታ የለም። በሦስተኛው ቀን የሌለ ሰው ማናገር፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ማየት፣ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ዙሪያቸው ያለው ሰው «ጋኔኑ ለፈለፈ!» ብሎ ደስ አለው። አንዲት ነርስ የሆነች ዘመድ ደርሳ ባታይ ኖሮ ይሞቱ ነበር። ሐኪም ቤት ሲገቡ የመጠጥ ማቆም ሕመም ነው ተባለ።

ሰውነት ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ አልኮል ከለመደ፣ ድንገት ሲቋረጥበት ይረበሻል። የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ይመጣል። መቃዠቱና መዘባረቁ ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን። ሕክምና ካላገኘ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካላችሁ ጸበሉ አይቅር፣ ግን ቀድሞ ሐኪም ይየው። የጀመረውን መድኃኒት ጸበል ገባሁ ብሎ እንዳያቋርጥም ንገሩት። ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። ጸበልም ይሄዳሉ፤ የመድኃኒት ከረጢታቸውን በነጠላ ጠቅልለው።

የተወ ሰው ኩራት

አጭር ነው፤ ምክንያቱም ገና እየታገልኩት ነው። መጠጥ በተውኩ በስድስተኛው ወር ጓደኞቼን መቁጠር ጀመርኩ። ማን ስንት እንደጠጣ፣ ማን ሲወላከፍ እንደገባ። እናቴ አንድ ቀን ሰምታኝ «ስትጠጣ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ትስቅ ነበር» አለችኝ።

አሁንም 12 ሰዓት ሲል ጉሮሮዬ ሰዓቱን ያውቀዋል። በዚያች ሰዓት አዴ ቤት እሄዳለሁ። እሳቸው ከመግሪብ ሲነሡ የቡና ቅጠሉ ቁጢ እሳት ላይ ነው። ምንጣፉን ሲያጥፉ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል» ይላሉ። ሲኒውን እየቀዱ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቁኛል፣ ጨው ይሁን ስኳር።