ሰርቨሩ ሲነሳ የኔትወርክ ፎልደሩም አብሮ እንዲነሳ

ፎልደሩ ያለው ስቶሬጅ በምንለው ሌላ ማሽን ላይ ነው፤ ሊኑክስ ሰርቨራችን የሚያገናኘው በኤንኤፍኤስ፣ ማለትም ፎልደርን በኔትወርክ በሚያጋራ ዘዴ ነው። መጀመሪያ የኤንኤፍኤስን ፓኬጅ ጫኑ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ኤንኤፍኤስ-ኮመን፣ ሬድ ሃት ላይ ኤንኤፍኤስ-ዩቲልስ ይባላል። ቀጥሎ ባዶ ፎልደር ፍጠሩና በማውንት ትዕዛዝ በእጃችሁ አገናኙት። በእጅ እምቢ ያለ ነገር ፋይል ውስጥ ስለተጻፈ አይሠራም። ብዙ ጊዜ መንገድ የሚዘጋው ፋየርዎል ነው። ኤንኤፍኤስ 4 ፖርት 2049 ከተከፈተለት ይበቃዋል።

ከሠራ ፍቱትና ኤፍኤስታብን፣ ሰርቨሩ ሲነሳ ምን እንደሚገናኝ የሚጻፍበትን ፋይል፣ ክፈቱ። ኮፒውን ሳታስቀምጡ ግን አትንኩት! የምትጨምሩት አንድ መስመር ነው፦ የስቶሬጁ አድራሻ ከነፎልደሩ፣ እዚህ ያለው ፎልደር፣ ዓይነቱ፣ አማራጮቹ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ዜሮ።

ጣጣው ያለው አማራጮቹ ላይ ነው። የጠየቃችሁት ሁሉ «_ኔትዴቭ» ጨምሩ ይላችኋል። ክፋት የለውም። ግን እሱ የሚጠብቀው የሰርቨሩን ኔትወርክ ነው፤ ስቶሬጁ ተነሳ አልተነሳ ጉዳዩ አይደለም።

እኔ እሱን ብቻ ጽፌ ተኛሁ። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። ሰርቨሩ ቀድሞ ተነሳ፣ ስቶሬጁን ፈልጎ አጣው፣ ሞክሮ ሞክሮ ተወው። ፎልደሩ ላይ የሚጽፈው ባክአፕ ይህን በምን ይወቅ? ያንን ሁሉ ፋይል እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ዘረገፈው። ጠዋት በእጄ አገናኘሁና «ተስተካከለ» አልኩ። መብራቱ እየሄደ እየመጣ ይኸው ሦስት አራቴ ተደጋገመ። በመጨረሻ ዲስኩ ጢም አለ። የዲስኩን ሙላት የሚያሳየው የዲኤፍ ትዕዛዝ 100 በመቶ ይላል፤ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው የዲዩ ድምር ግን ግማሹንም አይሞላ። ግማሽ ቀን አበድኩ። ለካ ፋይሎቹ ከተገናኘው ፎልደር ሥር ተደብቀዋል። ግንኙነቱን ስፈታው ብቅ አሉ።

አሁን ሁለት ነገር ሳላደርግ አልተኛም። አማራጮቹ ውስጥ «ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት» እጨምራለሁ። ያኔ ፎልደሩ የሚገናኘው አንድ ፕሮግራም ሲነካው ነው። ስቶሬጁ ካልተነሳ ባክአፑ ጥቂት ጠብቆ ስህተት ብሎ ይቆማል እንጂ ሌላ ቦታ አይጽፍም። ደግሞም ባዶውን ፎልደር፣ ገና ምንም ሳይገናኝበት፣ በ«ቻትር +አይ» እቆልፈዋለሁ። ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ሩት፣ እንኳ ፋይል አይፈጥርበትም።

ስቶሬጁ ካልመለሰ ጥቂት ሞክሮ የሚተወውን «ሶፍት» የሚለውን አማራጭ ግን የሚጻፍበት ፎልደር ላይ አልወደውም። ኔትወርኩ ትንሽ ሲንገዳገድ ፋይል ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል።

አዲሱን መስመር እንዲያነብ ሲስተምዲን፣ ሰርቨሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ዴመን-ሪሎድ አድርጉ፤ ከዚያ ኤፍኤስታብ ውስጥ ያለውን የሚያገናኘው «ማውንት -ኤ»። ዝም ካለ ጥሩ ነው። ሪቡቱን ግን ስቶሬጁን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ሰርቨሩ ሳይንጠለጠል ተነሳ? አሁን ስቶሬጁን አብሩና ፎልደሩን ክፈቱት።