ኮሙኒኬሽንና ሚዲያ እንዴት ይጠናል፦ ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

ወደዚህ የትምህርት ክፍል የሚገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ካሜራና ማይክራፎን ይወዳል፣ ወይ መጻፍ ይወዳል። ሁለቱም ጥሩ መነሻ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው የንድፈ ሐሳብ ኮርሶችን «ለማለፍ ያህል»፣ የተግባሩን ደግሞ «ለሙያው» ብሎ ለሁለት ሲከፍላቸው ነው። እንዲህ የከፈለ ተማሪ መጨረሻው ዓመት ላይ ደህና ምስል ይቀርጻል፤ ለምን እንደዚያ እንደቀረጸው ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣም የሚያጠናው ጥያቄ ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክፍል ውስጥ የሰማችሁትን በዚያው ሳምንት በምትሠሩት ሥራ ላይ ፈትኑት።

ንድፈ ሐሳብን ከተነሣበት ችግር ጋር ያዙት

ማንኛውም ንድፈ ሐሳብ አንድ ሰው የሆነ ችግር አስጨንቆት ያመጣው ነው። ችግሩን ካላወቃችሁ የምትሸመድዱት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል፤ ፈተና ላይም ከሌላው ጋር ይደባለቅባችኋል። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 የኮሙኒኬሽን ሞዴሉን ሲያወጣ በአሜሪካው የስልክ ምርምር ተቋም በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራ የሒሳብና የምህንድስና ሰው ነበር። ያስጨነቀው ነገር ምልክት በመስመር ላይ ሲተላለፍ በጫጫታ ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። የመልእክቱ ትርጉም ለምህንድስናው ጥያቄ አግባብነት እንደሌለው ራሱ ጽፏል። ይህን ሞዴል አንሥቶ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ የሚተነትን ተማሪ፣ ሻነን ሆን ብሎ የተወውን ነገር ከሞዴሉ እየፈለገ ነው።

ሌላው በየፈተናው የሚበላሸው አጀንዳ የመቅረጽ ንድፈ ሐሳብ ነው። ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾው እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት፣ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠየቁ። መራጮቹ ዋና ጉዳይ ናቸው ያሏቸውን ነገሮች መገናኛ ብዙኃኑ ጎላ አድርገው ከዘገቧቸው ጋር አነጻጸሩ፤ ጥናቱን በ1972 ሲያሳትሙ በሁለቱ መካከል ጠንካራ ተዛምዶ እንዳለ አሳዩ። ተማሪው ታዲያ «ሚዲያ ሕዝቡ ምን እንደሚያምን ይወስናል» ብሎ ይጽፋል። ጥናቱ ይህን አላለም፤ በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ሚዲያው የሚወስነው ሰው ስለ የትኛው ጉዳይ እንደሚያስብ ነው እንጂ በጉዳዩ ላይ የሚይዘውን አቋም አይደለም። ደግሞም ተዛምዶ ብቻውን ማን ማንን እንደመራ አይናገርም፤ ይህን የምታነሡ ከሆነ መምህሩ በጥሞና እንዳነበባችሁ ያውቃል።

ለእያንዳንዱ ንድፈ ሐሳብ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ይበቃል። ማን መቼ አመጣው፣ ምን ጠየቀ፣ በምን ማስረጃ መለሰ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይላል፣ የት ላይ አይሠራም። ከዚያ ስድስተኛ መስመር ጨምሩ፦ በዚህ ሳምንት ካያችሁት ወይም ከሰማችሁት ዘገባ አንድ ምሳሌ። አምስቱን መስመሮች ከመማሪያ መጽሐፍ መገልበጥ ይቻላል፤ ስድስተኛውን ግን ማንም አይጽፍላችሁም። ጥሩ ውጤት የሚመጣውም ከእሱ ነው።

ለጆሮ መጻፍ

አብዛኛው የዜና አጻጻፍ መማሪያ ከእንግሊዝኛ የመጣ ስለሆነ አማርኛ ላይ ሲያርፍ የማይሠራ ምክር ይዞ ይመጣል። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። የጋዜጣ አንባቢ ቢጠፋበት ወደኋላ ተመልሶ ያያል፤ የሬዲዮ አድማጭ ግን ግሡ እስኪመጣ ድረስ የሰማውን ሁሉ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። «ለማስቻል»፣ «በመሆኑም»፣ «እንደሚገባ»፣ «መሆኑን» እየተቀጣጠሉ የሚሄዱ ዓረፍተ ነገሮች ወረቀት ላይ ክብደት ያላቸው ይመስላሉ፤ ጆሮ ላይ ግን ይበተናሉ። ለስርጭት ስትጽፉ ዓረፍተ ነገሩ ከ12 እስከ 15 ቃል ካለፈ ቆርጣችሁ ሁለት አድርጉት።

የተናጋሪው ማንነት መጀመሪያ ላይ ይምጣ። ረጅም ንግግር ካስቀደማችሁ በኋላ «ሲሉ ተናገሩ» ብትሉ፣ አድማጩ እስከዚያ ድረስ ሐሳቡን የጣቢያው አድርጎ ወስዶታል። የዘገባ ግሦችም እኩል አይደሉም። «አሉ» እና «ተናገሩ» ወገን አይዙም። «አረጋገጡ» ስትሉ እውነትነቱን እናንተም መሰከራችሁ፤ «አመኑ» ስትሉ ደግሞ ሰውየውን ጥፋተኛ አድርጋችሁታል። ለጌጥ ሲባል ግሥ መቀያየር የጀማሪ ልማድ ነው፤ «አሉ» ስድስት ጊዜ ቢደጋገም ማንም አይሞትም።

መሪው አንቀጽ ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስቱን ሁሉ አታጭቁ። ከስድስቱ አዲስ የሆነው የቱ ነው? በእሱ ጀምሩ። ስብሰባ መካሄዱ ዜና አይደለም፤ ከስብሰባው የወጣው ውሳኔ ነው ዜናው።

ስክሪፕት ከማንበባችሁ በፊት የሚጠብቁና የሚላሉ ቃላትን እርሳስ ይዛችሁ ፈልጉ። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜን ያሳያል፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ይመታል» በአንዱ ንባብ መቺውን፣ በሌላው ተመቺውን ይናገራል፤ ስለ ግጭት በሚያወራ ዜና ይህ ቀልድ አይደለም። ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ አድርጉ።

የንባብ ፍጥነትንም ከመጽሐፍ አትውሰዱ። በእንግሊዝኛ በሰከንድ ሦስት ቃል ያህል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን «ከነቤተሰቦቻቸውም» አንድ ቃል ነው። የራሳችሁን ስክሪፕት በሰዓት ለ1 ደቂቃ አንብቡ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሙ፣ ያነበባችኋቸውን ቃላት ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ። የ90 ሰከንድ ዘገባ የዚያ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከላዩ ላይ የ5 ሰከንድ ያህል ቃል ቀንሱ፣ ትንፋሽ ያስፈልጋችኋል።

ቃለ መጠይቅ

8 ወይም 10 ጥያቄ አዘጋጁ፤ ከዚያ ግማሹን ለመተው ዝግጁ ሁኑ፤ ምክንያቱም ጥሩው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ከተናገረው ውስጥ ይወጣል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ አትጠይቁ፤ ሰው የሚቀለውን መርጦ ይመልሳል። «አዎ» ብሎ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ወደ «እንዴት» ወይም «ለምን» ለውጡት። መልሱን ሲጨርስ እስከ ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ ዝምታው ስለሚከብደው ራሱ ይቀጥላል፤ ዋናው ነገርም እዚያ ጋ ይመጣል። ስሙንና የሥራ ድርሻውን በራሱ አንደበት አስቀርጹት፣ ፊደሉንም አጻፉት። «ይህ አይዘገብ» የሚባለው ስምምነት ከመናገሩ በፊት እንጂ ከተናገረ በኋላ አይደረግም፤ ይህን ከመጀመሪያው ግልጽ ካላደረጋችሁ ኋላ ትጣላላችሁ።

አንድ ሰዓት የተቀዳ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ቢያንስ አራት ሰዓት እንደሚፈጅ አስባችሁ ዕቅድ አውጡ። ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ሦስት ሰዓት የሚረዝም ቅጂ ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

ድምፅ ከምስል ይቀድማል

የተንቀጠቀጠ ምስልን ተመልካች ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን አይታገሥም። ሆኖም የኮርስ ሥራዎች በአብዛኛው የሚወድቁት ድምፅ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ተማሪው የካሜራውን መስኮት እያየ ማዳመጫ ማድረግ ይረሳል። ማዳመጫ ሳታደርጉ የምትቀዱትን ነገር አታውቁትም።

ማይክራፎኑን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቁና በትንሹ ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፕ» እና «ብ» ሲነገሩ የሚወጣው አየር ይመታዋል። የድምፁ ከፍታ ጣሪያ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ዜሮን የነካ ዲጂታል ድምፅ ተቆርጧል፤ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር በቅጡ አይመልሰውም። ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ በተለይ በ24 ቢት ከቀዳችሁ። ለቪዲዮ የሚሆነው የድምፅ ናሙና አወሳሰድ ፍጥነት (ሳምፕል ሬት) 48 ኪሎ ኸርዝ ነው።

ቦታው ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ጆሮ ስለሚለምደው አይሰማችሁም፤ ማይክራፎን ግን አይለምድም። አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ከተመለሰ ክፍሉ ያስተጋባልና መጋረጃ ወይም ምንጣፍ ያለበት ይሻላል። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅዱ። ኤዲት ስታደርጉ ቃል በቆረጣችሁበት ቦታ የሚፈጠረው ባዶ ቀዳዳ የሚደፈነው በዚህ ነው።

ምስሉ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። እያንዳንዱን ምስል ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ 10 ሰከንድ ያዙ፤ የ3 ሰከንድ ምስል ለኤዲቲንግ አይበቃም። በሰከንድ 25 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ የመዝጊያውን (የሻተሩን) ፍጥነት 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ የአምፖል ብልጭልጭታን የሚያስቀረውም ይኸው ነው። በብርሃን ቀለም መለኪያ የመስኮት ብርሃን 5600 ኬልቪን አካባቢ፣ የጥንቱ ቢጫ አምፖል ከ2700 እስከ 3200 ስለሆነ ሁለቱን ካቀላቀላችሁ የሰውየው ፊት ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ብርቱካንማ ይሆናል። መጋረጃውን ዝጉ ወይም መብራቱን አጥፉ፤ ሁለቱንም ይዞ ለማስታረቅ መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

«የሚዲያ ተጽዕኖ በወጣቶች ላይ»

አማካሪዎችን የሚያሰለች የመመረቂያ ርዕስ ካለ ይህ ነው። ርዕሱ ሰፊ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ከዚህ ርዕስ ሥር ተማሪው ብዙውን ጊዜ የይዘት ትንተና ያደርግና ስለ ተጽዕኖ ይደመድማል። የይዘት ትንተና የሚነግራችሁ ገጹ ላይ ወይም ስርጭቱ ውስጥ ምን እንዳለ ነው፤ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ አይነግራችሁም። ምን ተዘገበ፣ ስንት ጊዜ፣ በማን አንደበት ብላችሁ ከጠየቃችሁ የይዘት ትንተና ነው። ሰዎች መልእክቱን እንዴት ይረዱታል ካላችሁ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ወይም ከ6 እስከ 10 ሰው የያዘ የቡድን ውይይት ያስፈልጋል። አመለካከታቸው ከሚዲያ አጠቃቀማቸው ጋር ይዛመዳል ወይ ካላችሁ የጽሑፍ መጠይቅ፤ ምክንያትና ውጤት ካላችሁ ደግሞ ሙከራ። ዘዴው የሚመረጠው ከጥያቄው በኋላ ነው።

የጋዜጣ ወይም የዜና ስርጭት ይዘት ስትተነትኑ ተከታታይ ሰባት ቀን አትውሰዱ። በዚያ ሳምንት አንድ ትልቅ ክስተት ከተፈጠረ ውጤታችሁ በሙሉ የእሱ ይሆናል። ይልቁንስ ከጥናቱ ወቅት ውስጥ አንድ ሰኞ በዕጣ፣ አንድ ማክሰኞ በዕጣ እያላችሁ ሳምንት ሥሩ፤ የተሠራ ሳምንት ይባላል። ለስድስት ወር ዕለታዊ ጋዜጣ እንዲህ ያለ አንድ ሳምንት እንደሚበቃ ዳንኤል ሪፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 አሳይተዋል፤ በዚህ ስሌት ለአንድ ዓመት ሁለት ሳምንታት ይበቃሉ። ይህ ቁጥር የተፈተነው በጋዜጣ ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ለማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ እንዳለ አይገለበጥም።

የመለያ ምድቦቻችሁ አንድ ዘገባ ሁለት ቦታ እንዳይገባ፣ የትም የማይገባ ዘገባም እንዳይኖር ሆነው ይዘጋጁ። ከዚያ ከናሙናው የተወሰነውን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ለየብቻ መድቡ። «90 በመቶ ተስማምተናል» ማለት ብቻ ያታልላል፦ ከዘገባዎቹ 90 በመቶው የአንድ ምድብ ከሆኑ፣ ሁለት ሰዎች ሳያነቡ በግምት ቢመድቡ እንኳ 82 በመቶ ሊስማሙ ይችላሉ (0.9 በ0.9 ሲደመር 0.1 በ0.1)። ለዚህ ነው በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት የሚቀንሱ መለኪያዎች የሚያስፈልጉት። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በክሪፐንዶርፍ አልፋ 0.80 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፤ ከ0.667 በታች ከሆነ መደምደሚያ አትጻፉበት። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ባልደረባችሁን አትውቀሱ፤ የምድቡን ትርጉም እንደገና ጻፉ፣ ምሳሌ ጨምሩበት፣ በአዲስ ናሙና ደግማችሁ ሞክሩ።

መጠይቅ ከሆነ በዘፈቀደ የተመረጡ 400 ሰዎች ወደ 5 በመቶ፣ 1000 ሰዎች ወደ 3 በመቶ የስህተት ህዳግ ይሰጣሉ። በቴሌግራም ለጓደኞቻችሁ ያሰራጫችሁት መጠይቅ ግን 2000 ሰው ቢሞላውም የስህተት ህዳግ ሊሰላለት አይችልም። «የሞሉት ሰዎች እንዲህ አሉ» በሉ፤ «ወጣቶች እንዲህ ያስባሉ» አትበሉ።

የተግባር ልምምድና ፋይል

ልምምድ ስትወጡ በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ትልቅ ሥራ አይሰጣችሁም፤ ያንን ሳምንት ዜና ከጥቆማ እስከ ስርጭት በማን እጅ እንደሚያልፍ በመመዝገብ አሳልፉት። የትኛው ዜና እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚጣል ማን ይወስናል ስለሚለው የበር ጠባቂ ንድፈ ሐሳብ ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ዓይናችሁ ፊት ይሠራል፤ የተጣሉ ዘገባዎችን ዝርዝርና የተጣሉበትን ምክንያት መያዝ ብቻውን የመመረቂያ ርዕስ ሊወልድ ይችላል። ውስጥ የሰማችሁትን ለጥናት ከመጠቀማችሁ በፊት ግን የኃላፊውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

የሠራችሁትን ሁሉ ሦስት ቅጂ አድርጉ፦ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከምትኖሩበት ቦታ ውጭ። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ጀምሩት፤ በራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» ተብለው የተቀመጡ ሦስት ፋይሎች ካሏችሁ፣ የትኛውን እንዳስረከባችሁ ከማስረከቢያው ቀን በፊት ከፍታችሁ አረጋግጡ።