ላፕቶፑ ጌም ላይ ሲንቀራፈፍ፦ ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከቀየራችሁም በኋላ

የእህቴ ልጅ ብር አጠራቅሞ መጣ። «አጎቴ፣ የላፕቶፔን ፕሮሰሰር ቀይርልኝ» አለኝ። ላፕቶፑ ሌኖቮ ዋይ510ፒ ነው፣ ፕሮሰሰሩ (ዋናው አስቢ ቺፕ) አይ5-4200ኤም። ከፍተን ስናየው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጽዳት ነበር። ስለዚህ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን በደንብ ለዩ።

መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል

ይሄ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና እየተጫወታችሁ ሙቀቱን ተከታተሉ። አቧራው በፋኑና በሂት ሲንኩ (ሙቀቱን በሚያስወጣው ብረት) ክንፎች መሃል እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ነው የሚገኘው። ከውጭ በመንፋት ብቻ አይወጣም፤ ፋኑን ፈትታችሁ አጽዱ። በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሃል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) በአልኮል ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ስታክ ያደርጋል

ሙቀቱ ደህና ከሆነ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ደርሶ ግራፊክስ ካርዱ 50 እና 60 ላይ ከቆመ፣ የሚጎትተው ፕሮሰሰሩ ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ ፕሮሰሰር መቀየር ብር መበተን ነው። የተሰካው ራም አንድ ብቻ ከሆነም መጀመሪያ ሁለተኛውን ጨምሩ።

ፕሮሰሰሩ ይነቀላል ወይ?

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። በተለመዱት ላፕቶፖች ላይ የሚነቀል ፕሮሰሰር ያለው የመጨረሻው የኢንቴል ትውልድ በ2013 የወጣው አራተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ፣ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ከሚቀበሉ ጥቂት ወፋፍራም ላፕቶፖች በስተቀር፣ ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። የተበየደ ከሆነ እርሱት።

በአራተኛው ትውልድ ውስጥም ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ፊደል አንብቡ። ኤም፣ ኤምኪው እና ኤምኤክስ ይነቀላሉ። ዩ እና ኤችኪው አይነቀሉም። አይ7-4700ኤምኪው እና አይ7-4700ኤችኪው በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፤ አንዱ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ላይ ይገባል፣ ሌላው በፍጹም። የሦስተኛው ትውልድ ሶኬትም የተለየ ስለሆነ አራተኛውን አይቀበልም።

ከዚያ ዋቱን፣ ማለትም የሚፈልገውን ኃይልና የሚያወጣውን ሙቀት፣ እዩ። 4200ኤም ባለ 2 ኮር ነው፣ 37 ዋት። 4700ኤምኪው ባለ 4 ኮር ነው፣ 47 ዋት። 4930ኤምኤክስ 57 ዋት ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ያው የላፕቶፕ ሞዴል ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ትልቁን ፕሮሰሰር ነው። ባዮሱ (ላፕቶፑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያውቀዋል፣ ሂት ሲንኩም ይችለዋል። ለእህቴ ልጅ 4700ኤምኪውን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቀየረ፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

ባትሪውን ነቅላችሁ ራሙን አውጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ካልሆነ ሶኬቱ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ብሎን እዩ። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እስከ መቆለፊያው ምልክት ካልዞረች ፒኖቹ አይነኩም። ፕሮሰሰሩንም ገልብጣችሁ የታጠፈ ፒን ፈልጉ፤ ካለ በቀጭን ምላጭ ቀስ ብላችሁ አቅኑት።

ሁሉም ደህና ከሆነ ባዮሱ አላወቀው ይሆናል። አሮጌውን መልሳችሁ አስገቡና ባዮሱን አፕዴት አድርጉ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋና ላፕቶፑ ቢዘጋ ማዘርቦርዱን ታጡታላችሁ።

ይነሳና ወዲያው ይጠፋል

ብዙ ጊዜ ሂት ሲንኩ በደንብ ስላልተቀመጠ ነው። ብሎኖቹ አጠገብ የተጻፉትን ቁጥሮች ተከትላችሁ፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ።

ይሠራል፣ ግን ፍጥነቱ 800 ሜጋኸርዝ ላይ ቀርቷል

ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ላፕቶፑ ካላወቀው ወይም ዋቱ ካነሰ ፍጥነቱን ይይዘዋል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡና ለሞዴላችሁ የተሠራውን አምጡ።

አሮጌውን ፕሮሰሰር ደግሞ ቶሎ አትሽጡት። ፒኖቹ እንዳይታጠፉ አዲሱ በመጣበት ማሸጊያ ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ሳምንት ሙሉ ጌም ተጫውታችሁ ካልጠፋባችሁ ያኔ ሽጡት።